ድንጋይ የመሰከረለት እንጨት፦ ጽድ በኢትዮጵያ የግንባታ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የተጻፈ)



የአገራችን የታሪክ ጥናት ለረጅም ጊዜ በሁለት ምስክሮች ላይ ተደግፎ ኖሯል፤ በድንጋይና በብራና። ሐውልቱን እንለካለን፣ ጽሑፉን እናነባለን፣ ገድሉን ከዜና መዋዕሉ ጋር እናስተያያለን። ሦስተኛው ምስክር ግን ከራሳችን በላይ ጣራውን ተሸክሞ፣ በግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ፣ በበሩ መቃን ላይ ቆሞ ሳለ አላየነውም። እርሱም እንጨት ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ እንጨት ነው፤ ስለ ጽድ። የማቀርበው ክርክርም አጭር ነው። የጽድን ታሪክ የሠራው የራሱ የጽድ ጠባይ ነው። በምስጥና በብስባሽ አለመሸነፉ ሕንፃዎቻችንን ለብዙ መቶ ዓመታት አቁሟል፤ ያው ጠባዩ ደግሞ ከሌላው ዛፍ ሁሉ አስቀድሞ እንዲቆረጥ ምክንያት ሆኗል። ዛሬ ከአሮጌ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት እየወጣ የሚጣለው የጽድ ምሰሶና አግዳሚ ማገዶ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ገና ያልተነበበ መዝገብ ነውና።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠራኋቸው በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ላሳስብ።

ስሙና ዘሩ

አንዳንዱ ጥድ፣ አንዳንዱ ጽድ ይለዋል። በትግርኛ ጽሕዲ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ ወይም ሂንዴሳ ይባላል። ስሙ በየቋንቋው መኖሩ ዛፉ የአንድ አካባቢ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ከዓረብ ምድር ደቡብ ምዕራብ ተራሮች አንሥቶ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛንያ አድርጎ እስከ ዚምባብዌ ድረስ በደጋ ይበቅላል፤ ከዘመዶቹ መካከል የምድር ወገብን ተሻግሮ በተፈጥሮ የሚገኘው እርሱ ብቻ ነው።

ዓለም አቀፍ ሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ረጅም፣ ቀጥ ያለ» ማለት ነው። ስሙ በ1847 ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኢንድሊሸር ባሳተመው መጽሐፍ ታወቀ። ለስሙ መነሻ የሆነው ናሙና ከኢትዮጵያ የሄደ ሲሆን፣ የሰበሰበውም ከ1837 ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ኖሮ እዚሁ ያረፈው ጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። በየግቢያችን አጥር ላይ የምናየውና «የፈረንጅ ጽድ» የምንለው ግን ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሌላ ዛፍ ነው። በመልክ ቢመሳሰሉም በእንጨት አይተካከሉም።

ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎቻችን ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ከሊባኖስ ያስመጣቸውን ዛፎች ወደ አማርኛ ሲመልሱ ዝግባና ጥድ ብለዋቸዋል። የሊባኖሱ ዛፍ ግን የእኛ ዝግባ አይደለም። ተርጓሚዎቹ ያደረጉት ነገር ግልጽ ነው፤ ለእግዚአብሔር ቤት የሚገባውን የከበረ እንጨት ሲያስቡ በዐይናቸው ፊት የነበሩት እነዚህ ሁለቱ የአገራቸው ዛፎች ነበሩ። በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት ሾጣጣ ፍሬ አፍሪ ወገን ዛፎች፣ ማለትም በሳይንስ ቋንቋ ኮኒፈር የሚባሉት፣ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

«ለስላሳ» ሲባል

የእንጨት ሊቃውንት ጽድንና ዝግባን «ለስላሳ እንጨት» ከሚባለው ወገን ይመድቧቸዋል። ቃሉ ሊያሳስት ስለሚችል ልግለጸው። ክፍፍሉ ስለ ጥንካሬ አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ዛፉ የውስጥ አሠራር ነው። ወይራና ዋንዛ ውኃ የሚያሳልፉባቸው ሰፋፊ ቧንቧዎች አሏቸው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ እንጨታቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ጽድ እነዚህ ቧንቧዎች የሉትም። ረጃጅምና ቀጫጭን ሕዋሳቱ ሁለቱንም ሥራ፣ ውኃ ማሳለፉንም ግንዱን መሸከሙንም፣ አንድ ላይ ይሠራሉ።

ይህ ልዩነት በአናጺ እጅ ወዲያውኑ ይታወቃል። የጽድ እንጨት ደቃቅና እኩል ሥሪት ያለው ነው፤ መላጊያ ሲያልፍበት ገጹ ይለሰልሳል፣ በመሮ ሲቀረጽ ጠርዙ ንጹሕ ይወጣል። ሲደርቅ በአንድ ሜትር ኩብ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ረጅሙን አግዳሚ ጥቂት ሰዎች ተሸክመው ወደ ተራራ ሊያወጡት ይችላሉ። ጭረቱ ቀጥ ያለ በመሆኑ በሽብልቅ ሲመታ በርዝመቱ ይፈለጣል።

ጉድለትም አለው። በቀላሉ የሚፈለጠው እንጨት በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ አናጺው አስቀድሞ ሳይበሳ ከጠርዙ አጠገብ ሚስማር ቢመታ ጣውላው ይከፈልበታል። መታጠፍ አይወድም፤ ከበዛበት ቀስ ብሎ አይጎብጥም፣ በአንድ ጊዜ ይሰበራል። ስለዚህ ለእርሻ ሞፈርና ለመሣሪያ እጀታ ሌሎች ዛፎች ይመረጣሉ። የጽድ ቦታ በቆመበትና በተጋደመበት ነው፤ ቋሚ፣ ምሰሶ፣ አግዳሚ፣ ወራጅ፣ የበርና የመስኮት መቃን፣ ሳንቃ፣ ሣጥን።

ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ግን በዘይቱ ውስጥ ያለው ነው። የጽድ ግንድ ሲቆረጥ ሁለት ቀለም ይታይበታል፤ ዳር ዳሩ ነጣ ያለ፣ መካከሉ ቀላ ያለ ቡናማ። ሴድሮልን የመሳሰሉ ነገሮች ያሉበት ጥሩ መዓዛ ያለው ዘይት የሚከማቸው በዚህ በቀላው ውስጠኛ ክፍል ነው። ይህን ክፍል ምስጥ አይደፍረውም፣ ሻጋታና ብስባሽም በቶሎ አያገኘውም። ነጩ የዳር ክፍል ግን ይህ መከላከያ የለውም። ወንድሙ ዝግባም ለሥራ የተመቸ፣ ሰፊ ጣውላ የሚወጣው ሆኖ ሳለ ይህ ጸጋ ስለሌለው በመሬት ላይ ሲቆም በቶሎ ይበላል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ቀዩ ክፍል የሚሰፋው በዕድሜ ነው። የወጣት ጽድ ግንድ አብዛኛው ነጭ ነው። «ጽድ አይነቅዝም» የሚለው የአናጺዎች ዕውቀት እውነት የሚሆነው ባረጀው ጽድ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ሰው ከጽድ የሚፈልገው ነገር ጊዜ ራሱ ነው፤ ጊዜንም ማቻኮል አይቻልም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቅ የሚያደርገው ሌላም አለ። ሞቶ የማይበሰብሰው ጽድ ቆሞ ሳለ ሊበሰብስ ይችላል። ፓይሮፎምስ ዴሚዶፊ የሚባል ፈንገስ በሕይወት ያለውን ዛፍ ልቡን ይበላዋል፤ ከውጭ ግዙፍ የሚመስለው ዛፍ ሲጣል ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ትልቅ ዛፍ ሁሉ ትልቅ አግዳሚ አይወጣውም። ጤነኛና ረጅም ግንድ ለማግኘት መመረጥ፣ ሲመረጥም ከሚፈለገው በላይ መቆረጥ ነበረበት።

ድንጋይ የተናገረው

አሁን ወደ አክሱም እንሂድ። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሆነው የተቀረጹ መሆናቸው የታወቀ ነው። ወድቆ የሚታየው ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ርዝመትና 13 ፎቆች አሉት። በየፎቆቹ መካከል ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉ ክብ ጉብታዎች ተደርድረዋል። ሕዝባችን እነዚህን «የዝንጀሮ ራስ» ይላቸዋል። በዙሪያቸው ደግሞ የተጋደሙ ዕንጨቶች አምሳያ ተቀርጿል።

እነዚህ ጉብታዎች በድንጋይ ላይ ምንም ሥራ የላቸውም፤ አንድን አለት የሚያያይዝ አግዳሚ አያስፈልገውም። ሥራቸውን የምናውቀው ከእውነተኛው ግድግዳ ነው። በ1906 በኢኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን አባል የነበረው የሕንፃ ባለሙያ ዳንኤል ክሬንከር ይህን አሠራር በጥንቃቄ ሥሎ አስረድቶታል። ግንበኛው ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ እያያዘ ጥቂት ከፍ ካደረገ በኋላ በግድግዳው ርዝመት፣ በውስጥና በውጭ ገጽ፣ ረጃጅም አግዳሚዎች ያስተኛል። ከዚያም ሁለቱን የሚያቆራኙ አጫጭር ዕንጨቶች በግድግዳው ውፍረት አሳልፎ ይጥላል፤ የእነዚህ ጫፍ ወደ ውጭ ሲወጣ «የዝንጀሮ ራስ» ይሆናል። በላዩ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት።

በዚህ አሠራር እንጨቱ ጌጥ ብቻ አይደለም። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ሸክምን ይችላል፤ መሳብን ግን አይችልም። መሬቱ በአንድ ወገን ሲሰምጥ ግድግዳው ይሰነጠቃል። እንጨቱ እንደ መቀነት ዙሪያውን ስለሚይዘው ሸክሙ ይከፋፈላል፣ ስንጥቁም ከአንዱ ሽፋን ወደ ሌላው አያልፍም። ይሁን እንጂ አሠራሩ ከእንጨቱ የሚጠይቀው ነገር ከባድ ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለዘመናት መበስበስ የለበትም፤ ከበሰበሰ መቀነቱ ይበጠሳልና። አንዴ ከተቀበረ በኋላ ማንም አያየውም፣ ማንም በቀላሉ አይለውጠውም። በደጋው ምድር ይህን ሁሉ ጥያቄ አንድ ላይ የሚመልሰው ዛፍ በዋናነት ጽድ ነው። ወይራም አይበሰብስም፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ግንዱም ጠማማና አጭር ነው።

አሠራሩ ከአክሱም መንግሥት ጋር አልሞተም። በደብረ ዳሞ ገዳም፣ በላስታም በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይታያል። የይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳ ጥቁሩ እንጨትና በኖራ የነጣው ግንብ እየተፈራረቁ የቆሙበት ነው፤ በዙሪያውም ያረጁ ጽዶች ያሉበት ደን አለ። ወደ ላሊበላ ስንሻገር ደግሞ ቤተ አማኑኤል ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ሳለ ግድግዳው በዚሁ በእንጨትና በድንጋይ ሽፋን አምሳል ተቀርጿል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በአክሱም ከ3ኛውና ከ4ኛው መቶ ዓመት፣ በላስታም ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ ጠራቢዎች በማይጠፋ ድንጋይ ላይ እንጨትን ቀረጹ። ለእነርሱ «ሕንፃ» ማለት እንጨት ያለበት ነገር ነበር፤ ያለ እንጨት መቀነት የቆመ ግድግዳ ሕንፃ አይመስላቸውም ነበር። ድንጋዩ ስለ ራሱ አልተናገረም፤ ስለ ጠፋው እንጨት መሰከረ። እኛ ግን ለሁለት ትውልድ ያህል ምስክሩን እያደነቅን የተመሰከረለትን ረስተናል።

ከመጋዝ በፊት

የእንጨትን ታሪክ የሚወስነው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያውም ነው። ረጅም መጋዝ በስፋት ከመለመዱ በፊት ሳንቃ የሚወጣው በመፈለጥና በመጥረብ ነበር። ግንዱ በሽብልቅ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ በምሳር እየተጠረበ ይሳሳል። ከአንድ ግንድ የሚወጣው ሳንቃ ጥቂት ነው፤ የቀረው ፍላጭና ፍቅፋቂ ይሆናል። መጋዝ ግን ያንኑ ግንድ ወደ ብዙ ጣውላ ይከፍለዋል።

የጽድ ቀጥተኛ ጭረት በዚህ ዘመን ከሌሎች እንጨቶች የበለጠ ዋጋ ያገኘው ለዚህ ነው። መጋዝ በሌለበት፣ ሲፈለጥ የማይጠማዘዝ እንጨት ብቻ ሳንቃ ይሆናል። ዋንዛ ለመጋዝ ዘመን የቤት ዕቃ ንጉሥ ሆነ፤ ጽድ ግን የምሳር ዘመን ንጉሥ ነበር። የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን የበር ሳንቃ በእጃችን ስንዳስስ የምናገኘው ሞገድ ሞገድ ያለ ገጽ የምሳሩ ፈለግ ነው።

ደብርና ደን

ጽድ የሚፈለግበት ቤተ ክርስቲያን የጽድ መጠለያም ሆነ። በሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬ ያረሰውን ሜዳ አቋርጦ የሚሄድ መንገደኛ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ደን ሲያይ በውስጡ ደብር እንዳለ ያውቃል። ጽድና ወይራው የደብሩ ልብስ ናቸው። ጥበቃው ግን ከመጠቀም ጋር የተጣመረ እንደ ነበር መዘንጋት የለብንም፤ የደብሩ ጣራ ሲፈርስ የሚታደስበት እንጨት ከዚያው ግቢ ይወጣ ነበር። ደኑ የመቅደሱ መጋዘን ነበር ብል ከእውነት አልርቅም።

ቤተ መንግሥትም የራሱ ታሪክ አለው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የመናገሻ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። ትውፊቱን እንደ ትውፊት እንያዘው። ቢሆንም አንድ ነገር ይነግረናል፤ ደን ከእግዚአብሔር ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በንጉሥ ትእዛዝ የሚተከልና የሚጠበቅ ነገር ነው የሚል አስተሳሰብ በአገሩ መኖሩን።

ዋና ከተማና የእንጨት ጥም

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሁኔታው ተለወጠ። ቀድሞ ቤተ መንግሥቱ ተንቀሳቃሽ ነበር። ሮናልድ ሆርቫት በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ተዘዋዋሪ ዋና ከተሞች ሲያትት የማገዶና የእንጨት ማለቅን ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ከተማው ሲነሣ ደኑ ያርፋል። እንጦጦ ከተቆረቆረች በኋላ የተራራው ጽድና ወይራ ተመነጠረ፤ አዲስ አበባ በ1886 ስትመሠረት ጥሙ ከእርሷ ጋር ወረደ። በ1900 ዐፄ ምኒልክ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ሲጀምሩ የእንጨት ማጠር ከምክንያቶቹ ዋነኛው ነበር።

ከተማው ግን አልተነሣም። ምክንያቱም በ1890ዎቹ አጋማሽ ከአውስትራሊያ ዘር የሆነው ባሕር ዛፍ ገብቶ ነበር። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። ዋና ከተማይቱን በአንድ ቦታ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው።

ሆኖም በአናጺው ዐይን ስናየው ልውውጡ እኩል አልነበረም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ መሬት የገባ ጫፉን ምስጥ ይበላዋል። ከጽድ ቋሚ ወደ ባሕር ዛፍ ቋሚ የተደረገው ሽግግር ትውልዶች ከሚኖሩበት ቤት ባለቤቱ ራሱ በዕድሜው ደጋግሞ ወደሚጠግነው ቤት የተደረገ ሽግግር ነው። በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ የማገዶውንና የአጥሩን ሸክም ባይረከብ ኖሮ የቀረው ጽድም ባልቀረ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

እዚህ ላይ ለወጣት ተመራማሪዎች ማሳሰቢያ አለኝ። «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የአገሪቱ መሬት በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አባባል በየጽሑፉ ይደጋገማል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1997 እንዳሳየው ይህ ቁጥር በማስረጃ ላይ የቆመ አይደለም፤ ሲደጋገም እውነት የመሰለ ነው። ብዙው የሰሜን ደጋ ከ19ኛው መቶ ዓመት በፊትም የታረሰና የተራቆተ ነበር። ስለዚህ የጽድ ታሪክ «ቀድሞ ሁሉ ደን ነበር፣ አሁን ሁሉ ጠፋ» የሚል ልቅሶ አይደለም። ብዙ ጊዜ የጠበበ፣ አንዳንዴም ያገገመ፣ በየቦታው የተለያየ ታሪክ ነው። ይህን በትክክል ለመጻፍ ከግምት የተሻለ ማስረጃ ያስፈልጋል።

እርሳስ ሆኖ የሄደው

የጽድን ዕድል ከደጋችን ውጭ የወሰነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እርሳስ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የዓለም እርሳስ ፋብሪካዎች የሚመርጡት የአሜሪካ ዘመዱን፣ የቨርጂኒያ ጽድን ነበር። እርሳስ የሚሆን እንጨት በመቁረጫ ምላጭ በየትኛውም አቅጣጫ ሳይፈነጠር መቀረፍ አለበት፤ ይህ ደግሞ ከላይ የጠቀስሁት ደቃቅና እኩል ሥሪት የሚሰጠው ጸጋ ነው። የአሜሪካው ዛፍ እየተመናመነ ሲሄድ ፋብሪካዎቹ ተተኪ ፈለጉ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ጽድም ወደ ገበያው ገባ። በእንግሊዝኛ የንግድ ስሙ «የአፍሪካ የእርሳስ ዛፍ» የሚል ትርጉም ያለው ለዚህ ነው። ጀርመኖች ዛሬ ታንዛንያ በሚባለው አገር፣ በኡሳምባራ ተራሮች፣ ግንዱን በአየር ላይ በተዘረጋ ገመድ ወደ ባቡር ሐዲድ ያወርዱት ነበር፤ በእንግሊዞች ሥር በነበረችው ኬንያም ለእርሳስ የሚሆን የጽድ ጣውላ ለውጭ ገበያ ይዘጋጅ ነበር።

አንድ ያው እንጨት በአንዱ አገር ለመቶ ዓመታት የሚቆም አግዳሚ፣ በሌላው በጥቂት ሳምንት ተቀርፎ የሚያልቅ እርሳስ ሆነ። የእንጨቱ ጠባይ አንድ ነው፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ተለየ። የቴክኖሎጂ ታሪክ የምንለው ይህንኑ ነው።

በቀለበቶቹ ውስጥ ያለው

ወደ ዋናው ጉዳዬ ደረስሁ። ጽድ አንድ የዝናብ ወቅት ባለበት አካባቢ በየዓመቱ አንድ የዕድገት ቀለበት ይጨምራል። ዝናቡ ሲበረታ ቀለበቱ ይሰፋል፣ ሲያንስ ይጠባል። ካለፈው ሃያ ዓመት ወዲህ ኢትዮጵያውያንና አውሮፓውያን ተመራማሪዎች በአገራችን ጽድ ላይ ባደረጉት ጥናት የቀለበቱ ስፋት ከዝናብ መጠን ጋር እንደሚሄድ አሳይተዋል። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚመጣበት ቦታ ግን ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ይህ ለታሪክ ምን ይጠቅማል? በሕይወት ያለ ዛፍ ወደ ኋላ የሚወስደን በዕድሜው ልክ ነው። ነገር ግን የሕያው ዛፍ የመጀመሪያ ቀለበቶች ከአሮጌ አግዳሚ የመጨረሻ ቀለበቶች ጋር ቢገጥሙ፣ ያም አግዳሚ ከእርሱ ከሚቀድመው ጋር ቢገጥም፣ ሰንሰለቱ ዘመናትን እየተሻገረ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮችን መጠየቅ እንችላለን። አንደኛ፣ ይህ ዛፍ መቼ ተቆረጠ? ሁለተኛ፣ በዚህና በዚያ ዘመን ዝናቡ እንዴት ነበር? ለምሳሌ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን እንውሰድ። የከብት እልቂቱን ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች እናውቀዋለን። የረኃቡ ምን ያህሉ ከበሬ መጥፋት፣ ምን ያህሉ ከዝናብ መታጣት እንደ መጣ፣ በየአውራጃውም እንዴት እንደ ተለያየ የሚነግረን የብራና ጽሑፍ የለም። የዚያን ዘመን ዝናብ የጠጣ እንጨት ግን አለ።

በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የተጠረበ አግዳሚ ነጩ የዳር ክፍሉ ስለተወገደለት የመጨረሻዎቹን ቀለበቶች አጥቷል፤ ስለዚህ የሚሰጠን «ከዚህ ዓመት በፊት አልተቆረጠም» የሚለውን ብቻ ነው። ቅርፊቱ ያልተላጠ ወራጅ ግን የተቆረጠበትን ዓመት ሊሰጠን ይችላል። ደግሞም ጽድ ስለማይበሰብስ ከፈረሰ ሕንፃ ወጥቶ በአዲስ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ይገባል፤ የእንጨቱ ዕድሜ የሕንፃው ዕድሜ ላይሆን ይችላል። የራዲዮካርቦን ልኬትም ከዚህ ፈተና አያመልጥም። ይሁን እንጂ ይህ የብራና ጽሑፍን ስንመረምር ከሚገጥመን ፈተና አይከብድም፤ እዚያም ቅጂውን ከመጀመሪያው ድርሰት እንለያለንና። ዝርያውን መለየት ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። ከጫፉ የተወሰደች ትንሽ ስንጥር በአጉሊ መነጽር ታይታ ቧንቧ ካላት ወይራ ወይም ሌላ ነው፤ ከሌላት ከጽድና ከዝግባ አንዱ ነው፤ ሁለቱን ደግሞ ቀለሙና መዓዛው ይለያቸዋል።

ችግሩ መዝገቡ እየተቃጠለ መሆኑ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር አንድ የገጠር ደብር ለማየት ሄደን ነበር። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በሲሚንቶና በብሎኬት እየተሠራ ነበር። የቀድሞው ጣራ ወራጆችና አግዳሚዎች፣ አንዳንዶቹ ቅርፊታቸውን እንደ ለበሱ፣ ለሠራተኞቹ ምሳ ማብሰያ እየተፈለጡ ነበር። ጭሱ እንደ ዕጣን ይሸት ነበር። የደብሩ አባቶች ያጠፉት ጥፋት የለም፤ ሕዝባቸው ያዋጣውን ገንዘብ ይዘው የሚያፈስ ጣራ የሌለበት መቅደስ እየሠሩ ነበር። እንጨቱ የሚነበብ ነገር መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይህን መንገር የማን ሥራ ነው? የእኛ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሕጉ ስለ ቆመው ዛፍ ተናግሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድን ከዝግባ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል ቆጥሮት ነበር። የሞተውን እንጨት የሚጠብቅ ግን በተግባር የለም። ደግሞም አዲስ ተክሎ መተካት ብቻውን መልስ አይሆንም። ቀደም ሲል እንዳልሁት ቀዩ ልብ በዕድሜ የሚገኝ ነው። ዛሬ የምንተክለው ጽድ ለልጅ ልጆቻችን አግዳሚ ሊሆን ይችላል፤ ያለፈውን ዘመን ዝናብ ግን በውስጡ አያገኙትም።

ምን እናድርግ

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ፤ ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው፣ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ገጠር ሲሄዱ ጽሑፍና ቃለ መጠይቅ ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ። የሚፈርስ ቤት ካለ እያንዳንዱ እንጨት በየት በኩል እንደ ነበረ፣ ምሰሶ ይሁን ወራጅ፣ ቅርፊት ይኑረው አይኑረው ይመዝግቡ፤ ፎቶግራፍ ያንሡ። ከየት እንደ ወጣ የማይታወቅ እንጨት ርእሱና ባለቤቱ እንደ ጠፋበት የብራና ቅጠል ነው።

ሁለተኛው፣ ከሚጣለው እንጨት ጫፍ የአንድ ጋት ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ በባለቤቶቹ ፈቃድ ተቆርጦ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ይቀመጥ። የቀረው እንጨት ለባለቤቱ ሥራ ይውላል። ዛሬ የሚያነበው ባለሙያ ባይኖረን ነገ ይኖረናል፤ የተቃጠለውን ግን ማንም አያነበውም።

ሦስተኛው፣ የታሪክ፣ የደን ሳይንስና የሥነ ሕንፃ ክፍሎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አናጺዎችን እንጥራ። ጽድን ከዝግባ በመዓዛ፣ የደጋውን ከቆላ ዳሩ በክብደት፣ የምሳሩን ፈለግ ከመጋዙ ፈለግ በመዳሰስ የሚለዩ አረጋውያን በየከተማው አሉ። ዕውቀታቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ እነርሱም እንደ ጽዱ ያረጁ ናቸው፤ በእነርሱ ምትክ የሚቆም ግን በቶሎ አይበቅልም።

የአክሱም ጠራቢ እንጨቱ እንደሚጠፋ ያወቀ ይመስል መልኩን በድንጋይ አስቀርቶልናል። መልኩን እንጂ ቀለበቱን ሊያስቀርልን አልቻለም። ቀለበቱ ያለው በቀረው እንጨት ውስጥ ነው፤ የቀረውም በየጣራችንና በየግድግዳችን ነው።

 ጥያቄያችሁንና ተቃውሞአችሁን በደስታ እቀበላለሁ።